የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በጠፍጣፋ ስካነር ሳነሳ የላይኛው ፊት ለምን ጭጋግ ይሆንብኛል?

ሙከራ_ላይ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

የአንድ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ የፓወር ሰፕላይ ካርድ እጄ ገብቷል። አንደኛው መስመሩ ቮልቴጅ አይሰጥም። ሼማቲኩን (የሰርኪዩቱን ሥዕል) ፈልጌ ስላጣሁት ከራሱ ከቦርዱ ላይ ልስለው ተነሳሁ። ካርዱ ባለሁለት ፊት ነው፣ 160 በ110 ሚሊሜትር፣ አረንጓዴ። ላዩ ላይ 35 ሚሊሜትር ያህል የሚቆሙ ሁለት ካፓሲተሮች፣ አንድ ትንሽ ትራንስፎርመር፣ ስድስት አይሲ (ቺፕ) እና ብዙ ሬዚስተር አለበት።

መጀመሪያ በስልክ አነሳሁት። መሃሉ ያምራል፤ ጠርዙ ላይ ግን ቀጥ ያለው ትራክ (የመዳቡ መስመር) እንደ ቀስት ይጎብጣል። የታችኛውን ፎቶ ገልብጬ በላይኛው ላይ ሳነባብረው የግራ ጥጉ ቀዳዳ ሲገጥም የቀኙ ይሸሻል። የቀኙን ሳስገጥም የግራው ይሸሻል። በቃኝ ብዬ ወደ ስካነር ዞርኩ። ወረቀት የማነሳበት ቀጭን ስካነር አለኝ። የታችኛው ፊት፣ ብየዳው ያለበት ማለት ነው፣ ደህና ወጣ። የላይኛው ግን ካፓሲተሮቹ አናት ላይ ያለው ምልክት ብቻ ቁልጭ ብሎ ሲታይ ትራኩ ሁሉ ጭጋግ ሆነ።

ሬዞሉሽኑን ብጨምረው ይጠራል ብዬ 4800 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 4800 ነጥብ) ላይ አደረግኩት። ስካነሩ እያቃሰተ ቆየ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። በሁለተኛው ሙከራ የቦርዱን ሩብ ብቻ አነሳሁ። ጭጋጉ ያው ነው፣ አሁን በትልቁ።

ምንድን ነው ያጠፋሁት? ስንት ዲፒአይ ይበቃል? ደግሞ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ነቅዬ ካልሆነ በቀር አይሆንም የሚል ሰው አለ፤ እውነት ነው? ካርዱን መልሼ ልሠራበት ስለምፈልግ ይህኛው ያስፈራኛል።

ፈጣን_ጣት፦

እህቴ አትድከሚ። ትራኩ የሚጎብጠው ስልኩን ስላስጠጋሽው ነው። አንድ ሜትር ያህል አርቀሽ፣ ስልኩን የማይነቃነቅ ነገር ላይ አስረሽ፣ በዙም አንሺው። ጉብጠቱ በጣም ይቀንሳል። ከሁለት ጎን የመስኮት ብርሃን ካገኘሽ ደግሞ ምንም አትፈልጊም። እኔ ስካነር ነክቼ አላውቅም፣ ሥራዬም አልቆመም።

ባለካውያ፦

ፈጣን ጣት ያለው ልክ ነው፤ ርቀት ጉብጠትን ይቀንሳል። ነገር ግን ስካነር ያለው ሰው ስካነሩን ባይተወው ይሻላል። እኔ ስካነርን የምወደው ምስሉ ስለሚያምር አይደለም፣ ብዙ ጊዜ አያምርምም። በ1200 ዲፒአይ ያነሳሁት ምስል ላይ 1200 ፒክስል ቆጥሬ ከሄድኩ 25.4 ሚሊሜትር ሄጃለሁ ማለት ነው። ጥግ ላይም ይሁን መሃል። ስልክ ይህንን ቃል አይገባልኝም። ድሮ ትራክ የምገለብጠው ቦርዱ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ዘርግቼ በማርከር ነበር፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ትራኩም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ የመጣ ሰው ስካነርን አይንቅም።

አሁን ወደ ጭጋግሽ። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል፦ የካፓሲተሮቹ አናት ቁልጭ ብሎ ይታያል ብለሻል። ቦርዱን በፊቱ ስትደፊው መስታወቱን የነካው ቦርዱ አይደለም፣ ካፓሲተሩ ነው። ትራኩ ከመስታወቱ 35 ሚሊሜትር ወደ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ምናልባትም ሁለቱ ካፓሲተሮች ወደ አንድ ጎን ስለሆኑ ቦርዱ ተንጋዷል። ስለዚህ ዲፒአዩን እስከፈለግሽ ብትጨምሪ የጭጋጉን ፒክስል ነው የምታበዢው።

ስካነር ደግሞ ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ አለብሽ። ቀጭኑ ሲአይኤስ ይባላል። ሴንሰሩ እንደ ወረቀቱ ወርድ ረጅም ሆኖ ከመስታወቱ ሥር ተጠግቶ ይሄዳል፤ በላዩ የተደረደሩ ጥቃቅን ሌንሶች ያዩትን አንድ ለአንድ ያሳርፉበታል። እነዚህ ሌንሶች የሚያዩት መስታወቱን የነካውን ነው። ከዚያ አንድ ሚሊሜትር፣ ሲበዛ ሁለት፣ ከራቀ መደብዘዝ ይጀምራል። ወፍራሙ ሲሲዲ ነው። ውስጡ የሚያንጸባርቁ መስታወቶችና አንድ ሌንስ አለው፣ ምስሉን አሳንሶ ትንሽ ሴንሰር ላይ ያሳርፋል። የብርሃኑ መንገድ ረጅም ስለሆነ ጥቂት ሚሊሜትር የራቀ ነገርንም ይታገሣል። ከታወቁት ውስጥ የካኖን ላይድ ዘር ሲአይኤስ ነው፣ የኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 ደግሞ ሲሲዲ። ስሙን ካላወቅሽ፣ ያለ አዳፕተር በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚሠራና ከሁለት ከሦስት ጣት የማይወፍር ከሆነ ሲአይኤስ ነው ብለሽ ሂጂ።

ለታችኛው ፊት ቀጭኑ ይበቃሻል፤ እንዲያውም ለዚያ እኔ ቀጭኑን እመርጣለሁ። አንድ ለአንድ ስለሚያይ ቁመት ያለው ነገር ወደ ጎን አይዘምበትም። ሲሲዲው አመል አለው፦ ወርዱን በአንድ ሌንስ ስለሚያይ ከመሃል ርቆ የቆመ ነገር ጎኑን ያሳያል፣ አጠገቡ ያለውንም ትራክ ይሸፍናል። ስለዚህ ሲሲዲ ላይ ቦርዱን ከመስታወቱ ወርድ መሃል ላይ አድርጊው። ጠርዙ ላይ አስጠግቶ ማስቀመጥ የወረቀት ልማድ ነው።

ዲፒአይ። 600 ላይ አንድ ፒክስል 42 ማይክሮሜትር ነው፣ 1200 ላይ 21። የቦርድሽ ቀጭን ትራክ 0.3 ሚሊሜትር ቢሆን በ600 ሰባት ፒክስል ይይዛል፤ ለዓይን ይበቃል። ትራኩ 0.15 ከሆነ በ1200 ያንኑ ሰባት ፒክስል ታገኛለሽ። እኔ ሁሉንም በ1200 አነሳለሁ፣ ከዚያ የምወጣው በጣም ጥቅጥቅ ያለ ቦርድ ሲመጣ ብቻ ነው። ያንቺ ቦርድ በ1200 ሳይታመቅ 118 ሜጋባይት ያህል ነው። በ4800 ግን ከ600 ሚሊዮን ፒክስል በላይ፣ ወደ 1.9 ጊጋባይት ነው፤ ኮምፒውተርሽ ቢደርቅ አይፈረድበትም። ካርቶኑ ላይ 4800 በ9600 ብለው ሲጽፉም ትንሿን ቁጥር ተመልከቺ። ትልቋ ሞተሩ የሚራመደው ነው። ከሁለቱም በላይ የሚጻፈው ቁጥር በስሌት የተሞላ ግምት ነው።

ከዚያ ደግሞ ስካነሩ ራሱ የሚጨምረውን «ማሳመር» ሁሉ አጥፊ። ማጥሪያውን፣ ቀለም አስተካካዩን፣ አቧራ ማጽጃውን። በተለይ አቧራ ማጽጃው ትንሽ ቀዳዳን አቧራ መስሎት ሊያጠፋት ይችላል፤ አንቺ የምትፈልጊው ደግሞ እሷኑ ነው። ፋይሉን በቲፍ ወይም በፒኤንጂ አስቀምጪ። ጄፔግ የትራኩ ጠርዝ ላይ ፍርፋሪ ይተዋል።

ብየዳው ጠቁሮ ከወጣ አትደንግጪ። የስካነሩ መብራት ከጎን ገደድ ብሎ ነው የሚያበራው፤ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ነገር ብርሃኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውረዋል እንጂ ወደ ሴንሰሩ አይመልስም። ስለዚህ ያማረ ብየዳ ጥቁር፣ ነጩ ጽሑፍ ደማቅ ሆኖ ይወጣል። መብራቱ ከአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ ጥላም አለ። ጥላው የሚያታልልሽ ቦታ ካለ ቦርዱን ግማሽ ዙር አዙረሽ ድገሚና ሁለቱን አስተያያቸው፤ ጥላ ቦታ ይቀይራል፣ ትራክ አይቀይርም።

መስታወቱን ጠብቂ። እኔ በአንድ ወቅት ታች የወጣውን የሬዚስተር እግር ሳልከረክም ቦርዱን አሳርፌ፣ ቀጥ እንዲል ብዬ ገፋ አደረግኩት። የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጥርሴን ያፏጨዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ስካነር ያነሳሁት ቦርድ ሁሉ አንድ የማላውቀው ትራክ አለው። ቦርዱን አንስተሽ አስቀምጪ፣ አትግፊ። በአራት ጥጉ ተመሳሳይ ውፍረት ያላቸው የካርቶን ቁራጮች ብታደርጊለት እግሮቹ ብርጭቆውን አይነኩም፤ በቀጭኑ ስካነር ግን ካርቶኑ ከአንድ ሚሊሜትር አይብለጥ።

ፒክስል_ቆጣሪ፦

ባለካውያ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ አንድ ደግሞ ላርም። «1200 ፒክስል 25.4 ሚሊሜትር ነው» የሚለው በሴንሰሩ አቅጣጫ በጣም ይታመናል። በሞተሩ አቅጣጫ፣ ማለትም ሴንሰሩ በሚጓዝበት፣ ግን የሚወስነው ጥርሱና ቀበቶው ነው።

እንዴት እንደምለካው ልንገራችሁ። 40 እግር ያለው አይሲ ወይም ሶኬት ውሰዱ። በአንድ ጎን 20 እግር አለ፣ በመካከላቸው 19 ክፍተት፣ እያንዳንዱ 2.54 ሚሊሜትር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 48.26 ሚሊሜትር፣ ማለትም ድፍን 1.9 ኢንች ነው። በ1200 ዲፒአይ 2280 ፒክስል መሆን አለበት። የእኔ ስካነር በሴንሰሩ አቅጣጫ 2280 ሰጠኝ። ሶኬቱን አዙሬ በሞተሩ አቅጣጫ ሳነሳው 2291። 11 ፒክስል ምንም አይመስልም፣ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። በ160 ሚሊሜትር ቦርድ ላይ ግን ከጫፍ ጫፍ 0.77 ሚሊሜትር ይደርሳል። የቪያ (ሁለቱን ፊት የሚያገናኝ ትንሽ ቀዳዳ) ስፋት 0.6 ቢሆን ሙሉ በሙሉ ስቷል ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለቱንም ፊት ስታነሺ የቦርዱ ረጅም ጎን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን። ላዩን በቁመት ታቹን በአግድም ካነሳሽ ስህተቱ አንዱን በርዝመት ሌላውን በወርድ ይለጥጠዋል፣ ከዚያ በምንም አይገጥሙም። በአንድ አቅጣጫ ካነሳሻቸው ሁለቱም እኩል ተለጥጠዋል፤ እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ። ትክክለኛው መጠን ካስፈለገሽ በኋላ አንዱን አቅጣጫ በልኩ ታሳንሺዋለሽ።

ባለካውያ፦

ታርሜያለሁ። የእኔን ቀጭን ስካነር አሁን ለካሁት፤ 2284። እስከ ዛሬ ሁለቱን ፊት በአንድ አቅጣጫ የማነሳው በልማድ ነበር፣ ምክንያቱን አላውቀውም ነበር።

ሙከራ_ላይ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስካነሬን አገላብጬ አየሁት፤ በዩኤስቢ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ቀጭን ነው። ሲአይኤስ ነው ማለት ነው። የታችኛውን ፊት በ1200፣ ማሳመሪያውን ሁሉ አጥፍቼ ደገምኩት። ልዩነቱ ያስገርማል፤ በፊት ክብ የሚመስሉኝ ነጥቦች አንዳንዶቹ ቪያ ሆነው ተገኙ። ብየዳው ጥቁር ነው፣ እንዳሉት።

ጋሼ ባለካውያ፣ ሲሲዲ ስካነር ያላት ጓደኛ አለችኝ፣ ትሰጠኛለች። ግን ቦርዱ ያው 35 ሚሊሜትር ላይ ሊሰቀል ነው። እንግዲህ መንቀል ግድ ነው? ሁሉን ነቅዬ የት እንደነበረ ቢጠፋኝስ?

ሌላው፣ አረንጓዴው ላይ ትራኩ ከመደቡ የሚለየው በጥቂቱ ነው። ዓይኔ ደከመ።

ባለካውያ፦

ሁሉን አትንቀዪ። ሁሉን መንቀል ቦርዱ ሞቶ ሥዕሉ ብቻ ሲፈለግ ነው። ያንቺ ሊድን የሚገባው ካርድ ነው፣ በዚያ ላይ የዚያ ዘመን ቦርድ መዳቡ ካውያ ሲበዛበት ተላጦ ይነሳል።

ከፍታውን የሚወስነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረጅሙ። ሁለቱን ካፓሲተሮችና ትራንስፎርመሩን ብታወጪ ቀጥሎ የሚቆመው ምንድን ነው? አይሲው ሶኬት ላይ ካልሆነ አራት አምስት ሚሊሜትር ነው። ይህንን ሲሲዲው ይችለዋል፣ ትንሽ ቢለሰልስም ትራኩ ይነበባል። ሦስት ዕቃ ነው የምትነቅዪው እንግዲህ፣ ቦርዱን ሙሉ አይደለም። አይሲ ሥር የሚያልፈውን ትራክ አታዪውም፤ እሱን ከሁለቱ ጫፍ በቴስተር ትይዥዋለሽ። አሥር ትራክ በቴስተር መፈለግ ስድስት አይሲ ከመንቀል ይቀላል።

ከመንቀልሽ በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የኦሲሎስኮፕ ፓወር ሰፕላይ ነው ብለሻል፤ ካፓሲተሩ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጥቂት ኪሎኦም በሆነ ወፈር ያለ ሬዚስተር አፍስሺውና በቴስተር ዜሮ መሆኑን እዪ። በስክሩድራይቨር ሾርት የሚያደርጉ ሰዎች ምክር አትስሚ። ሁለተኛ፣ እንዳለ አንሺው፣ ጭጋጉም ቢሆን፤ የስልኩም ፎቶ ይኑር። የቱ እግር ፖዘቲቭ እንደነበር በማርከር ቦርዱ ላይ ጻፊ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

የቀለሙን ነገር፣ ምስሉን ጊምፕ በሚባለው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ክፈቺና ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን ለየብቻ አውጥተሽ እዪ። አንዱ ላይ ትራኩ ከሌላው ይልቅ ተለይቶ ይወጣል። የትኛው እንደሆነ የቀለሙ ዓይነት ይወስነዋል፣ ሦስቱንም ሞክሪ። ያሸነፈውን ብቻ በጥቁርና ነጭ ይዘሽ ኮንትራስቱን ስቢው። ጥቁር ቀለም የተቀባ ቦርድ ቢሆን ኖሮ ይህም አያድንሽም ነበር።

ቀዳዳዎቹ ደግሞ እንዲታዩሽ፣ ቦርዱን ካሳረፍሽ በኋላ ጀርባው ላይ ቦርዱ ላይ የሌለ ቀለም ያለው ወረቀት ጣል አድርጊበት። እኔ ደማቅ ሮዝ ነው የምጠቀመው። ክፍት የሆነ ቀዳዳ ሁሉ ሮዝ ነጥብ ይሆናል። ሁለቱን ፊት ስታነባብሪ የምትይዥው እነዚህን ነው፤ አራቱን ጥግ አካባቢ ያሉትን ምረጪ፣ የተቀራረቡትን አይደለም።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት እመጣለሁ፣ እኔ የሠራሁትን ነው የምነግርሽ። የታችኛው ፊት ምስል በላይኛው ላይ ከመነባበሩ በፊት እንደ መስታወት ምስል መገልበጥ አለበት። እኔ አንድ ጊዜ ስካነሩ ፕሮግራም ውስጥ ገለበጥኩት። በማግስቱ ረስቼ ጊምፕ ውስጥ ደግሜ ገለበጥኩት። ተመልሶ ያልተገለበጠ ሆነ ማለት ነው። ቦርዱ ሚዛኑን የጠበቀ፣ በአራቱም ጥግ የመሰቀያ ቀዳዳ ያለው ስለነበር ደህና አድርጎ ገጠመ! ሁለት ቀን ሙሉ ከታችኛው ፊት ብቻ ሼማቲክ ሳልኩ። የሳልኩት ቦርድ ላይ ባለ14 እግር አይሲ ሁሉ ግራውንዱን 8 ላይ፣ 5 ቮልቱን 1 ላይ ይዞ ተገኘ። መሆን የነበረበት 7 እና 14 ነው። ለአንዱ ቢሆን እንግዳ አይሲ ነው እል ነበር፣ ለአሥራ አንዱም ሲሆን እንግዳው እኔው ነኝ።

ስለዚህ ታችኛው ፊት ላይ በመዳብ የተጻፈ ፊደል ወይም ቁጥር ካለ ፈልጊው። በትክክል ገልብጠሽ ከሆነ ጽሑፉ ወደ ኋላ ነው የሚነበበው። ቀጥ ብሎ ከተነበበሽ አልገለበጥሽውም፣ ወይም እንደ እኔ ሁለቴ ገልብጠሻል። ጽሑፍ ከሌለ ከማንሳትሽ በፊት አንዱ ጥግ ላይ አንድ ፊደል በማርከር ጻፊበት።

ባለአራት_ንጣፍ፦

ይቅርታ መሃል ልግባ። እኔ ያለኝ ቦርድ ባለአራት ንጣፍ ነው፤ የውስጦቹ ሁለቱ አይታዩም። በብርጭቆ ወረቀት እያሸሁ ንጣፍ በንጣፍ ስካን ላደርገው አስቤያለሁ። የሞከረ አለ? ስልቱን የሃርድዌር መርማሪው ጆ ግራንድ 2014 ላይ ባቀረበው ጥናት አይቼዋለሁ።

ባለካውያ፦

ይሠራል። ግን የዚያ ቦርድ ቀብር መሆኑን አውቀህ ግባ፤ ሁለት አንድ ዓይነት ከሌለህ አትጀምር። ጆ ግራንድም እኮ ኤክስሬይን የመሰለ ቦርዱን የማያጠፋ መንገድ አብሮ አሳይቷል፤ እሱ ግን የኔና ያንተ ዕቃ አይደለም።

የሞከርኩት አንዴ ነው። ጣትን አትመን፤ ጣት መሃሉን ይጫናል፣ ጠርዙ ሳይነካ መሃሉ ሁለተኛውን ንጣፍ አልፎ ይሄዳል። የብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ለጥፈህ ቦርዱን በላዩ አሽ። መዳቡ 35 ማይክሮሜትር ያህል ነው፣ አንዳንዴም ግማሹ፤ ትንሽ ካሸህ አለ፣ ትንሽ ከጨመርክ የለም። ስለዚህ ጥቂት አሽተህ፣ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ስካን እያደረግክ ሂድ። መዳቡ በአንድ ጊዜ በሁሉም ቦታ ስለማይወጣ የተለያዩትን ስካኖች በኋላ ትቀጥላቸዋለህ። እዚህ ላይ የስካነሩ ጥቅም ይታያል፤ ሁሉም አንድ ልክ ስለሆኑ እንደ ወረቀት ይደራረባሉ።

አቧራው ጥቃቅን የመስታወት ቃጫ ነው፣ ሳንባን አይምርም። እያራስክ አሽ፣ አፍንጫና አፍህን ሸፍን፣ ከስካነሩ ርቀህ ሥራ። ያንኑ አቧራ የያዘ ቦርድ ሳታጥብ መስታወት ላይ ብታሳርፍ ስካነሩንም አሸኸው ማለት ነው።

ፈጣን_ጣት፦

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አሮጌ ስካነር ተውሼ ሞከርኩ። ለታችኛው ፊት እጅ ሰጥቻለሁ። ለላይኛው ስልኬን አልተውም።

ሙከራ_ላይ፦

ሳምንት ሆነኝ፣ ይኸው ውጤቱ።

ካፓሲተሮቹን አፍስሼ (አንደኛው 40 ቮልት ያህል ይዞ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ) ሦስቱንም ዕቃ ነቀልኩ። በጓደኛዬ ሲሲዲ ስካነር፣ ከመስታወቱ መሃል፣ ረጅም ጎኑን በሞተሩ አቅጣጫ አድርጌ በ1200 አነሳሁ። የሮዝ ወረቀት ስላጣሁ የብርቱካን ቀለም ያለው የፋይል ሽፋን ጣል አደረግኩበት፤ ካፓሲተሮቹ የነበሩበት ቀዳዳ ሁሉ እንደ ፍም በራ። የታችኛውንም ልኩ እንዳይለያይ በዚያው ስካነር ደገምኩት። በእኔ ቦርድ ያሸነፈው ቀዩ ነበር፣ ትራኩ ከመደቡ በደንብ ተለየ። ታች ጥግ ላይ በመዳብ የተጻፈ ቁጥር አገኘሁ፣ ወደ ኋላ እንዲነበብ አድርጌ ገለበጥኩት።

ሁለቱን ምስል ኪካድ (የሰርኪዩትና የቦርድ መሳያ ፕሮግራም) ውስጥ ከጀርባ አስቀምጬ ትራኩን በላያቸው እየሳልኩ ነው። ከ2023ቱ ኪካድ 7 ጀምሮ ቦርድ መሳያው ላይ ምስል ማስገባት ስለሚቻል መጠኑን አንዴ ካስተካከሉት ሥራው መከተል ብቻ ነው። ለማያውቅ ሰው እንዲጠቅም ነው የጻፍኩት።

አሁን ወደ ጉዱ። ትልቁ ካፓሲተር ሥር፣ እሱ ባይነቀል ኖሮ ፈጽሞ የማላየው ቦታ፣ አንድ ትራክ ያልፋል። ስካኑ ላይ ከሌሎቹ ጠቆር ያለ ነው፣ ግን ከጫፍ ጫፍ ያልተቋረጠ መስመር ሆኖ ይታያል። የጥላ ነገር ነው ብዬ ቦርዱን ግማሽ ዙር አዙሬ ደገምኩት። ጥቁረቱ ቦታ አልቀየረም። እንደ ትራክ ሳልኩት፣ አለፍኩ። ማታ ሼማቲኩን ሳየው ያ ትራክ የሞተው መስመር ላይ ወደ ሬጉሌተሩ (ቮልቴጁን ወደሚያረጋጋው ክፍል) የሚገባው ነው። በቴስተር ነካሁት፤ ክፍት ነው። በጥርስ መፋቂያ ቀለሙን ፋቅ ባደርገው ሥሩ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ተነሳ። ካፓሲተሩ የውስጡን ፈሳሽ አፍስሶ መዳቡን በልቶታል፣ ከላይ ያለው ቀለም ብቻ ነው ቅርጹን ይዞ የቀረው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ሁለቱን ምስሎች ሳነባብር ሦስቱ ጥጎች ልክ ይገጥማሉ፣ ቀኝ ታች ግን አሁንም 3 ፒክስል ይሸሻል። ደግሜ ላንሳው?

ፒክስል_ቆጣሪ፦

ቦርዱ ትንሽ ጎብጦ ሊሆን ይችላል። ትራንስፎርመር የተሸከመ ቦርድ በጊዜ ብዛት ይጎብጣል። ማስመሪያ በጠርዙ አቁመሽበት ብርሃን በሥሩ ይገባ እንደሆነ እዪ።

ባለካውያ፦

3 ፒክስል በ1200 ዲፒአይ 0.06 ሚሊሜትር ነው። ተይው። የተበላውን ትራክ በሽቦ ቀጥዪው፣ ዙሪያውን በአልኮል በደንብ አጥቢ፣ አዲስ ካፓሲተር ግጠሚለት። ሌላኛውም ካፓሲተር ዕድሜው ያው ነው፣ ሥሩን እዪው።